የታንጉት መሶብ ጨረታ

የጎንደር ሰው ስስታም ነው የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ አገሩን አያውቅም። የጎንደር ሰው ይሰጣል። ሲሰጥም እጁ አይንቀጠቀጥም፤ በሬውን ይሰጣል፣ ማሩን ይሰጣል፣ ጉዳዩ የደብሩ ጉልላት ከሆነማ የሚስቱን የአንገት ወርቅ ሳይቀር ሰጥቶ ይመጣና ለባለቤቲቱ ማምሻውን ይነግራታል። በምላሹ የሚፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ስሙ እንዲጠራለት። ጮክ ተብሎ፣ ከነአባቱ፣ ከነማዕረጉ፣ ከተቻለም ባላጋራው በተቀመጠበት። ወንጌሉ ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ይላል፤ እኛም ይህን ትእዛዝ አላፈረስንም። ግራ እጃችን ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ጎረቤታችን ነው።

ይህን ጠባያችንን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ካህናቱ ናቸው። በንግሥ ቀን ታቦቱ ከገባ በኋላ ጨረታ የሚባል ነገር አላቸው። አንድ ጥላ ወይም አንድ ጧፍ፣ ሲሞላም አንድ ሙክት ይቀርባል፤ ድምፁ ያማረ መሪጌታ ይነሣና "አቶ እገሌ እዚህ አደረሱት፤ ከሳቸው የሚበልጥ ወንድ ጠፋ ወይ?" እያለ ሰውን ከሰው ያጋጥማል። አንዲት ጧፍ የወይፈን ዋጋ ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የገዛት ሰው ቤቱ ኩራዝ የለውም ነበር፤ ግን ምን ቸገረው፣ ስሙ በርቶለታል።

አልነቅፍም። አብያተ ክርስቲያናቱ ጣሪያ ያገኙት በዚሁ ጠባያችን ነው። ነገሩን ያነሣሁት የዚህ ከተማ ባለ ስም ሁሉ ስሙ እንዳይጠራ አንገቱን ሰብሮ ሲሸሸግ ያየሁበት አንድ ቀን ስላለ ነው። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ እናንተም ትንሽ ብትንገበገቡልኝ ምናለ ብዬ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ መንገዱን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ ማኪናውን ተረከብን። የኛ ነው አልን፤ ደግም አደረግን። በየጠጅ ቤቱ የቀሩትን ሴቶች ግን የተረከበ አልነበረም። "እነሱማ ጣሊያን ያመጣቸው ናቸው" ተባለና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ጣሊያን ከወጣ ስንት ክረምት አልፎ እንኳ ሴቶቹ የጣሊያን ነበሩ። እኔ በዚያን ጊዜ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ የተከራየሁት ቤት ከአንድ ትልቅ ጠጅ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ በየማታው በሩ ላይ የሚታሰሩትን በቅሎዎች በመስኮቴ አያለሁ። ኮርቻቸውን አይቼ የማንነታቸውን እለያለሁ። ከመካከላቸው አንድም የጣሊያን በቅሎ አልነበረም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እንደኔው ጠጅ ቤት ፊት ለፊት ተከራይቶ የኖረ ይመስለኛል።

አንዲት ሴት በጠጅ ቤት ጤነኛ ሳለች "የኔ እመቤት" ናት። ስትታመም "ይቺ" ትሆናለች። ያን ጊዜ ኮማሪቷ፣ የጠጅ ቤቱ ባለቤት ማለቴ ነው፣ ጨርቋን ጠቅልላ በሩን ታሳያታለች። ወደ አገሯ እንዳትመለስ ወሬዋ ቀድሟት ገብቷል። ሐኪም ቤቱ መርፌውን ወግቶ ይሸኛል እንጂ አልጋ የለውም። ይህን አይተው ዝም ያላሉ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ፣ የአንድ ከፍ ያለ ሹም ባለቤት። አዲስ አበባ ሲኖሩ የወይዛዝርት በጎ አድራጎት ማኅበር አይተው ኖሮ፣ እዚህም የባለ ሥልጣኖቹን ሚስቶች ሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። የጽሕፈቴ ቅርጽ ያማረ ነው ተብሎ እንጂ ለሌላ አይደለም።

ማዘጋጃ ቤቱ ከቀሃ ወንዝ ማዶ ማንም የማይፈልገውን ቁራሽ መሬት ሰጠን። ግድግዳው ቆመ፣ ጭቃው ተመረገ፣ የበሩና የመስኮቱ ቦታ ተከፈተ፣ እንጨት ገዝተን የጣሪያውን ማገር ሠራን። የታመሙት ሴቶች ሊያርፉበት ነው። የቀረን ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮ ደግሞ ያኔ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ ገንዘቡም አለቀ። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፣ ጥሩ ቤት ነበረን፤ ብቻ ክዳኑ ሰማዩ ነው።

ቤቱን ከሁሉ ይበልጥ የምትጠብቀው ታንጉት ነበረች። ታንጉት የትክል ድንጋይ ልጅ ናት። በልጅነቷ ለሽማግሌ ዳሯት፤ ጠፍታ መጣች። አንድ ወታደር አገባሻለሁ ብሎ አዘዞ አስቀመጣት፤ እሱ ተዛወረ፣ እሷ ቀረች። የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ታሪኩ አዲስ አይደለም፣ አዲስ አለመሆኑ ነው የሚያሳፍረው። እኔ ሳውቃት በሽታው እግሯን አሳብጦ አስተኝቷት፣ ከዚያው ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ጠጅ ቤት ጓሮ፣ ማድ ቤት ውስጥ ትተኛ ነበር። ኮማሪቷ ጨካኝ ሴት አልነበረችም፤ በጋውን ሙሉ ታግሣታለች። ግን ክረምት ሲገባ ብቅል የሚሰጣበት ደረቅ ቦታ ያ ማድ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ "ዝናቡ ሲጀምር ትወጣልኛለች፤ እኔስ በምን ልኑር?" ብላ ቁርጡን ነግራናለች። እንግዲህ ጣሪያው ከዝናቡ ከቀደመ ታንጉት ቤት ይኖራታል፤ ዝናቡ ከቀደመ ደጅ ናት። ነገሩ ይኸው ነበር።

እጇ ግን አልታመመም። ስፌት ከእናቷ ተምራለች፤ ወይዘሮ የውብዳር አክርማውንና ስንደዶውን አቀረቡላትና አንድ ትልቅ ባለ ክዳን መሶብ ያዘች። አንድ ቀን ልጠይቃት ስገባ ክዳኑን እየጀመረች ነበር።

"መምህር፣ ጣሪያው ለክረምቱ ይደርስ ይሆን?" አለችኝ።

"መሶቡ ጨረታ ላይ ይወጣል፤ በሱ ዋጋ እንከድነዋለን።"

"እንዲያ ከሆነማ ሸጋ አድርጌ ነው የምጨርሰው። አላሳፍራችሁም" አለች። አላሳፈረችንም። እንደዚያ ያለ መሶብ በዚህ ከተማ በሁለት ሰርግ ላይ አይታይም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ቀዩ ከሐምራዊው ጋር የተጋባበትን ያየ ሰው ሳይነካው አያልፍም ነበር።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንምጣ። ወይዛዝርቱ መክረው፣ ገንዘብ የሚገኘው በለመድነው በቤተ ክርስቲያኑ ዓይነት ጨረታ ነው አሉ። ትክክል ነው። መሪጌታ ሐዲስ ይጥሩልን አሉ። እሱም ትክክል ነው፤ መሪጌታ ሐዲስ ከድንጋይ ላይ ብር የሚያስቆርጡ ሰው ናቸው። የዘመኑ ሥልጣኔ ነውና ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይቀመጡ አሉ። እዚህ ላይ ነው ጉድ የፈላው። እኔም መልካም ነው አልኩ። ወንደላጤ ስለ ባልና ሚስት ምን ያውቃል?

ግንቦት ነው። ሰማዩ ከወገራ በኩል ማጉረምረም ጀምሯል። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ፤ ካባ የለበሰው በካባው፣ ኮት የለበሰው በኮቱ። ወይዘሮ የውብዳር ተነሥተው ስለ ታመሙ እህቶቻችን የሚያስለቅስ ንግግር አደረጉ፤ ሚስቶቹም አለቀሱ። መሶቡ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። መሪጌታ ድምፃቸውን አሟሹና ጀመሩ። እንደ ደንቡ የመክፈቻው ትንሽ ዋጋ ከማኅበሩ ወገን መሆን ስላለበት እኔ ከፈትኩ።

"መምህራችን ከፈቱ! ከመምህራችን የሚበልጥስ?"

ዝም።

መሪጌታ የመሰላቸው ሰው ያልሰማ ነው። ደገሙት። አንዱ ጣሪያውን ያያል። አንዱ የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። በማርያም ንግሥ ለአንድ ጥላ ሲሉ ሊደባደቡ የነበሩ ሁለት ነጋዴዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ መነኩሴ መሬት መሬት ይመለከታሉ። እኔ ከመድረኩ ሆኜ ስመለከት ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። ሚስቶቹ መሶቡን አያዩም። የሚያዩት የባሎቻቸውን አፍ ነው።

እስቲ ራሳችሁን በነሱ ቦታ አድርጉት። ለነዚያ ሴቶች ብሎ አንድ ብር የጨመረ ባል ማታ ቤቱ ሲገባ "ምን ውለታ ኖሮብህ ነው?" ከሚል ጥያቄ አይድንም። ሁለት ከጨመረ ውለታው ከፍ ያለ ነው። የሰጠ የሚያውቃቸው፣ ያልሰጠ የማያውቃቸው ሊሆን ነው። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ንፍገት የንጽሕና ምስክር ሆነች፤ ወንዱ ሁሉ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ እጁን አጥፎ ጨዋነቱን አስመሰከረ። የኔን ነገር ካነሣን፣ የቤት አከራዬ እኔ ጨረታውን መክፈቴን ሰምተው ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠጫዬን ለብቻው አደረጉብኝ። በሽታ ይተላለፋል ብለው ነው።

ወይዘሮ የውብዳር ባላቸውን በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። ሹሙ ሰው አልሰማም አሉ።

ይህን ጊዜ ነው ከወደ ኋላ አንድ ሰው የተነሡት። አያ ፈንቴ ይባላሉ፤ የአምባ ጊዮርጊስ ባላገር፣ ባለ ብዙ ከብት ናቸው። ወደ ከተማ የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ሴት ልጃቸው ለቀኛዝማች ደምለው ልጅ ታጭታ ኖሮ የሰርጉን ነገር ሊነጋገሩ መጥተው፣ ቀኛዝማች እንግዳቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ ገብተዋል። አያ ፈንቴ በደብራቸው ጨረታ ዝም ተብሎ አይተው አያውቁም። እንግዳ ነገር ሆነባቸው።

"ምነው ዝም አላችሁ? የታመመ ሰው እኮ ነው የተባለው" አሉ። "የአንድ በሬ ዋጋ በሉልኝ።"

የመሪጌታ ፊት በራ። "አያ ፈንቴ! የአምባ ጊዮርጊሱ!" ብለው ሲጠሩ የአዳራሹ መስኮት የተነቃነቀ መሰለኝ። የአንድ በሬ ዋጋ የጣሪያውን ከግማሽ በላይ ይከድናል። ወይዘሮ የውብዳር በነጠላቸው ዓይናቸውን አበሱ። እኔ ታንጉት ተረፈች አልኩ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ልቤ ዘለለ።

ቀኛዝማች ደምለው ጎንበስ ብለው በአያ ፈንቴ ጆሮ አንድ ነገር ሲናገሩ አየሁ። ረጅም ነገር አልነበረም። የሽማግሌው ፊት ግን ተለዋወጠ፤ ሲነግሯቸው አዳራሹን ሁሉ፣ ሴቶቹንም ወንዶቹንም አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ እንደገና ተነሡ።

"ይቅር በሉኝ" አሉ። "እኔ ለቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነው። ልጅ ልድር ነኝ። ነገ የልጄን ስም ከዚህ ነገር ጋር እንዳያነሡብኝ። ቃሌን አንሡልኝ።"

ጭብጨባው ያን ጊዜ መጣ። ያ ሁሉ ሰው እስከዚያች ደቂቃ እጁን አጥፎ የቆየው ለዚህ ኖሯል፤ ባሎች አጨበጨቡ፣ ሚስቶች አጨበጨቡ፣ አንድ ሽማግሌማ "ጨዋ ሰው" ብለው መረቁ። አያ ፈንቴን አልከሳቸውም። ልጅ የሚድር ሰው ምን ያህል እንደሚፈራ አውቃለሁ፤ ልጃቸውም በጥር በክብር ተዳረች፣ ሰርጉም ሸጋ ነበር አሉ። ከሁሉም ያማቸው እሳቸውን ይመስለኛል፤ ሲቀመጡ ወንበሩን ዳብሰው ነው ያገኙት።

መሪጌታ ሐዲስ ግን በዕድሜያቸው ጨረታ ከሽፎባቸው አያውቅም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሥራ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው በእጃቸው ላይ ሊሞት ሆነ። ላባቸውን ጠረጉና "እንግዲያውስ ለቤተ ክርስቲያን ይሁና!" አሉ። "ደብራችን አጥር የለው፤ ከብት ገብቶ በቅጥሩ ይግጣል፤ ይህ ለማን ነውር ነው? ይህ መሶብ ለአጥሩ! ማን ጀመረ?"

እናንተ ሆዬ፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን እንዴት ላውራላችሁ? ከግራ ተጠራ፣ ከቀኝ ተጠራ። ጫማውን ሲያስር የነበረው ቆመ። ጣሪያ ሲያይ የነበረው ጮኸ። ሁለቱ ነጋዴዎች ወደ ጠባቸው ተመለሱ። ሚስቶቹ የባሎቻቸውን እጅጌ እየሳቡ "ጨምር እንጂ!" ይላሉ። የአንዱ በሬ ዋጋ በአንድ ትንፋሽ ታለፈ። መጨረሻ ላይ ቀኛዝማች ደምለው ሁለት በሬ ሙሉ ጠርተው ወሰዱት። ስማቸው ከነአባታቸው፣ ከነማዕረጋቸው ተጠራ። እልል ተባለ።

ወይዘሮ የውብዳር ሊነሡ ሲሉ ባላቸው ክንዳቸውን ያዝ አደረጉና "ተይ፣ በቤተ ክርስቲያን ላይ ትናገሪያለሽ?" አሉ። ተቀመጡ። እኔ ከጎኔ ላሉት "መሶቡ እኮ የታንጉት ነው" አልኩ። "ታንጉት ማን ናት?" ብለው ሁለት ሰዎች ጠየቁኝ። የሁለቱንም ኮርቻ አውቀዋለሁ።

የጣሪያው ጉዳይ በመስከረም ይታያል ተብሎ ተበተንን።

ለታንጉት መንገሩ ለኔ ደረሰ። ጸሐፊ ነኛ። ማድ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀችኝ፤ አንዷ ጓደኛዋ ሠርታት ይሆናል። ምን ብዬ እንደምጀምር ስቸገር እሷ ቀደመችኝ።

"ስንት ደረሰ?"

"የሁለት በሬ ዋጋ።"

አፏን በእጇ ያዘች። "የኔ መሶብ? የኔ እጅ?" አለች፤ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። "ማን ወሰደው?"

"ቀኛዝማች ደምለው።"

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ሄደባትና ቆየች። "ምን ነካቸው?" አለች፤ "እኔ ዘንድ ሲመጡ እኮ የሚያውቁት ዋጋ ማውረድ ነበር።"

እኔም ሳቅሁ፤ አትፍረዱብኝ። ከዚያ የቀረውን ነገርኳት። አጥሩን፣ ጭብጨባውን፣ መስከረምን።  አላለቀሰችም፣ ማንንም አልረገመችም። ስንደዶው የተረፈውን እየሰበሰበች ወደ በሩ፣ ወደ ደመናው አየች።

"መስከረምማ ዝናብ የለም" አለች። "በመስከረም ጣሪያ ምን ያደርጋል?"

ሰኔ ገባ። ብቅሉ መሰጫ ፈለገ። ታንጉት ሌላ መግቢያ ስላልነበራት ወደዚያው ወደ ቤታችን፣ ጣሪያ ወደሌለው ቤት ገባች። ወይዘሮ የውብዳር በአሽከራቸው ሸራ ላኩላት፤ ጥሩ ሸራ ነበር። ራሳቸው ግን ባላቸው ከማኅበሩ እንዲወጡ አድርገዋቸው ሊመጡ አልቻሉም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እየሄድኩ ሸራውን አጠብቃለሁ፤ ነፋሱ መልሶ ይፈታዋል። ሐምሌ ላይ ምርጉ ወደ መጣበት ወደ መሬቱ ተመለሰ፤ ማገሩ ብቻ እንደ ጎድን አጥንት ቀረ። በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ታንጉት ሞተች። ስትሞት አልነበርኩም። ከጎኗ የነበረችው ጓደኛዋ፣ እጇ የሆነ ነገር እየሰፋ ነው የሄደችው ብላኛለች።

ቃሬዛውን የተሸከሙት የጠጅ ቤቶቹ ሴቶች ናቸው፤ ከነሱ ጋር እኔና አንድ የቀን ሠራተኛ አለን። ኮማሪቷም ብቅሏን ትታ መጥታለች፤ ከሁላችን ይልቅ ያለቀሰች እሷ ነች። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ደብሩ ስንደርስ አጥሩ አልቋል፤ ድንጋዩ በኖራ ተገንብቷል፣ በሩ አዲስ ቆርቆሮ ነው፣ በር ስላለም ዘበኛ ተቀጥሮለታል።

"የንስሐ አባቷ ማን ናቸው?" አለ ዘበኛው።

የላትም። ማንም ካህን በጠጅ ቤቱ በር ገብቶ የነፍስ ልጅ አድርጓት አያውቅም። ቀድሞ ቢሆን ይህን የሚጠይቅ አልነበረም፤ የጽድ ዛፉ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ቅጥሩ የት ላይ እንደሚጀምር ማንም አያውቀውምና የድኻ ሬሳ ከወደ ዳር ይቀበራል፣ ገባ አልገባ ብሎ የሚለካ የለም። አሁን ውስጥና ውጭ ተለይቷል። መሪጌታ ሐዲስ ተጠርተው መጡ። ቃሬዛውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ማን እንደሆነች ገባቸው። "ልጄ፣ እኔ አለቃ አይደለሁ፤ ምን ላድርግ?" አሉኝ። ዝናቡ ይወርድባቸዋል። ሊከፍቱልን አልቻሉም፤ ሊሄዱም አልቻሉም። በመጨረሻ ከበሩ ወዲያ እንደ ቆሙ፣ በዚያ ባማረ ድምፃቸው፣ የቻሉትን ያህል ጸለዩላት። እኛ ደግሞ ከግንቡ ወዲህ፣ ድንጋዩን ታክከን ቆፈርን።

ሸጋ አጥር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ከብት ገብቶበት አያውቅም።